ሳያነቡ ስለ መጥቀስ

በቀዶ ጥገና ሙያ ብዙ ዘመን እንዳሳለፈ ሰው፣ የወጣት ሐኪሞችን ጽሑፍ ስቀበል ዓይኔ አስቀድሞ የሚያርፈው በመጨረሻው ገጽ፣ በዋቢዎቹ ዝርዝር ላይ ነው፤ ሰው መምህሬ የሚለውን የሚገልጠው በዚያ ነውና።

ባለፈው ክረምት አንድ ሬዚደንት፣ የምግብ ቧንቧቸው ደም ሥር አብጦ ደም ስለሚያስታውኩ ሕሙማን የጻፈውን ረቂቅ አመጣልኝ፤ የጉበት ሥራ ምን ያህል እንደደከመ ለመለካትም እ.ኤ.አ. በ1973 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሰርጀሪ የወጣውን የፒውንና የባልደረቦቹን ጽሑፍ ጠቅሷል። «አንብበኸዋል?» ብለው አንገቱን ደፍቶ፣ «ዶክተር፣ ከሌላ ጽሑፍ ዋቢ ላይ ነው የወሰድኩት» አለኝ።

አልተቆጣሁም፤ አብረን አውጥተን አነበብነው። አራት ገጽ ነው፤ ርእሱም ስለ ጉበት መለኪያ ሳይሆን፣ የምግብ ቧንቧን ቆርጦ መልሶ በመስፋት መድማትን ስለሚያቆም ቀዶ ጥገና ነው፤ የታከሙትም 38 ሕሙማን ናቸው። ዓለም ዛሬ የሚያውቀው ግን በውስጡ ያለውን ትንሽ ሠንጠረዥ ነው፤ እርሱም ሐኪሞቹ ቻይልድና ቱርኮት በ1964 ካወጡት የተሻሻለ ሲሆን፣ እነርሱ የሕመምተኛውን አመጋገብ ይመዝኑበት በነበረው ቦታ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ ተክቶ፣ ለአምስት ምልክቶች ከ1 እስከ 3 ነጥብ እየሰጠ ይደምራል። ቀዶ ጥገናው ግን ደም ሥሩን በኢንዶስኮፕ ማሰር ከመጣ ወዲህ እምብዛም አይሠራም።

በ1960ዎቹ ዩጂን ጋርፊልድ የጥቅሶችን ማውጫ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ የጥቅስ ብዛት የጽሑፍ ክብር መስፈሪያ ሆኗል፤ ቁጥሩ ግን ጽሑፉ ስለ ምኑ እንደተጠቀሰ፣ ማንስ እንዳነበበው አይናገርም። የትርጓሜ ደቀ መዝሙር ንባቡን ሳያደላድል ወደ ምሥጢሩ እንዳይገባ አበው የደነገጉት ሥርዓት ለእኛም ሙያ የሚገባ ይመስለኛል፤ ያላነበብነውን መጥቀስ ከማናውቀው መምህር ተማርሁ ብሎ መመስከር ነውና።

ጉዳቱም በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ይታያል። በአገራችን የምግብ ቧንቧ ደም ሥር ማበጥ አንዱ ምንጭ ቢልሃርዝያ ነው፤ እርሱም በጉበት ውስጥ ያለውን የደም መንገድ ቢያጠብብም የጉበቱን ሥራ ብዙ ጊዜ ስለማያዳክም፣ ሕመምተኛው በሠንጠረዡ ከደህናዎቹ ተርታ ተመድቦ ሳለ ሌሊቱን ደም ሲያስታውክ ሊያድር ይችላል። ይህን ለሬዚደንቱ ባሳየሁት ጊዜ ብዙ ቆይቶ፣ ጣቱን በሠንጠረዡ ላይ እንዳደረገ፣ «እኛ ዘንድ ያሉትማ እዚህ የሉም» አለ።

ረቂቁን መልሶ ወሰደ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲያመጣውም የቢልሃርዝያ ሕሙማኑን ከሌሎቹ ለይቶ ለብቻቸው አስፍሯቸው ነበር።