«ዝናብ አዝናቢው» ስለ ተባለው የጆን ግሪሸም መጽሐፍ

የኢንሹራንስ ሥራ ከመነሻው ሲታሰብ መልካም ነገር ነው። ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው በአንድነት ያኖራሉ፤ ከመካከላቸውም አንዱን እሳት ወይም በሽታ ወይም ሞት ሲያገኘው ከተዋጣው ይረዳል። በ1752 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከፊላደልፊያ ሰዎች ጋራ ሆኖ የእሳት መድን ማኅበር ሲያቋቁም ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ በኢትዮጵያም እድር የሚባለው ማኅበር ከዚህ ሐሳብ የራቀ አይደለም። ነገር ግን መዋጮው ከጎረቤት እጅ ወጥቶ ትርፍ ከሚፈልግ ኩባንያ እጅ ሲገባ፥ ለተቸገረው የሚከፈለው ገንዘብ ከትርፍ ላይ እንደ ተቀነሰ ጉዳት ይቆጠራል። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ግሪሸም የጻፈው ልብ ወለድ ታሪክ መሠረቱ ይህ ነው።

መጽሐፉ በ1995 ታተመ፤ በ1997ም ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ወደ ሲኒማ መለሰው። ደራሲው ወደ ድርሰት ከመዞሩ በፊት በሚሲሲፒ ጠበቃ ስለ ነበረ የፍርድ ቤትን ደጅ በወሬ ሳይሆን በእግሩ ያውቀዋል። የመጽሐፉም ስም «ዘ ሬይንሜከር» ነው፤ ትርጓሜው ዝናብ አዝናቢ ማለት ነው። አሜሪካኖች ለጽሕፈት ቤቱ ብዙ ገንዘብ የሚያመጣውን ጠበቃ በዚህ ስም ይጠሩታል። ስሙ ምን ያህል መራራ ቀልድ እንደ ሆነ የሚታወቀው ግን መጽሐፉ ተነቦ ሲያልቅ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በሜምፊስ ከተማ ነው። ሩዲ ቤይለር የሚባል፥ የሕግ ትምህርቱን በመጨረስ ላይ ያለ ድኻ ወጣት፥ ዶት ብላክ ከምትባል ሴት ጋራ ይገናኛል። ይህች ሴት ከደጃፍ ደጃፍ እየዞረ ውል ከሚሸጥ ወኪል የገዛችውን የኢንሹራንስ ውል ይዛ በየሳምንቱ 18 ዶላር አረቦን ስትከፍል ኖራለች። ወጣቱ ልጇ ዶኒ ሬይ በደም ካንሰር ሲታመም ሊያድነው የሚችለው የመቅኔ ንቅለ ተከላ እንደ ሆነ ታወቀ፤ መንታ ወንድሙም መቅኔውን ለመስጠት የሚስማማ ሆነ። እንግዲህ መድኃኒቱ ከዚያው ከቤት ውስጥ ነበረ፤ የጎደለው ገንዘቡ ብቻ ነው። ኩባንያው ግን ምክንያት እየለዋወጠ ስምንት ጊዜ ከለከለ፤ በመጨረሻውም ደብዳቤ እናቲቱን ሰደባት። ዶኒ ሬይም ነገሩ ከችሎት ሳይቀርብ ሞተ።

የመጽሐፉ ዋና ቁም ነገር የሚገለጠው ሩዲ የኩባንያውን የሥራ መመሪያ ሲያገኝ ነው። እንደነዚህ ባሉት ውሎች የሚቀርበው ጥያቄ ሁሉ ለአንድ ዓመት እንዲከለከል አስቀድሞ ታዟል። የታዘዘበትም ምክንያት ውሉን የገዙት ድኾችና ያልተማሩ ስለ ሆኑ፥ ከተከለከሉት ብዙዎች መካከል ወደ ጠበቃ የሚሄደው ጥቂት ነው ተብሎ ስለ ተሰላ ነው። እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ ስግብግብነት የቁጣ ነገር አይደለም፤ የሂሳብ ነገር ነው። ከኩባንያው ሠራተኞች ዶኒ ሬይን የሚጠላው የለም፤ በመልኩም የሚያውቀው የለም። አንዱ ክፍል መዝገቡን ወደ ሌላው ክፍል ይልካል፥ ያም መልሶ ይልከዋል፤ በዚህ መካከል ጊዜው ያልፋል። በደሉ በብዙ ሰው መካከል ስለ ተከፋፈለ ለእያንዳንዱ የደረሰው ድርሻ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ሲደመር ግን የአንድ ሰው ሕይወት ነው። ግሪሸም ይህን ነገር በጥሩ አስተውሏል።

የመጽሐፉም ፍጻሜ ከዚህ ማስተዋል ጋራ የተስማማ ነው። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች ለደረሰው ጉዳት 200,000 ዶላር፥ ለመቅጫም 50 ሚሊዮን ዶላር ይፈርዳሉ። ሌላ ደራሲ ቢሆን በዚህ ደስታ ላይ መጽሐፉን ይዘጋው ነበር። ግሪሸም ግን አንድ እርምጃ ጨምሮ ይሄዳል፤ ኩባንያው በገዛ አለቆቹ ተመዝብሮ ኪሳራ ይገባል፥ ለእናቲቱም ለጠበቃውም አንድ ዶላር አይደርሳቸውም። ሩዲም ጥብቅናውን ትቶ ይሄዳል። ዝናቡ አልዘነበም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ ፍርዱ እውነተኛ ቢሆንም የመጣው ልጁ ከተቀበረ በኋላ ነው፤ ለእናት ከልጇ ሞት በኋላ የሚመጣ 50 ሚሊዮን ደግሞ ቢከፈልም ባይከፈልም ያን ልጅ አይመልስላትም።

ይህ ሁሉ ሲመሰገን መጽሐፉ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። አንደኛ፥ ደራሲው በዳዮቹን እጅግ አጥቁሮ ሥሏቸዋል። የሚሳደብ ደብዳቤና የተጻፈ የክፋት ትእዛዝ በፊቱ ሲቀርብለት ለመፍረድ የሚቸገር አንባቢ የለም። በዕለት ኑሮ ያለው ክልከላ ግን ቃሉ ትሑት ነው፤ አንቀጽ ይጠቅሳል፥ በአክብሮትም ይሰናበታል። ደግሞም የተጠየቀው ሁሉ ቢከፈል የሌሎቹ መዋጮ ያልቃልና እምቢ ማለት ሁልጊዜ በደል አይደለም፤ ጭንቁ የሚገባውን እምቢታ ከማይገባው መለየት ነው። ግሪሸም ይህን ጭንቅ ለአንባቢው አላካፈለውም። ሁለተኛ፥ ባሏ የሚደበድባት የኬሊ ታሪክ ለብቻው ልብ የሚነካ ቢሆንም ከዋናው ነገር ጋራ በሚገባ ስላልተገጠመ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ጥራዝ የታሰሩ ያስመስላል።

ሦስተኛውና ከባዱ ነገር ሕጉን የሚመለከት ነው። ዶት ብላክ ውሉን የገዛችው ራሷ ስለ ሆነች ኩባንያውን ከሳ የመቅጫ ካሣ ለመጠየቅ ቻለች። እጅግ ብዙ የአሜሪካ ሠራተኞች ግን የጤና ኢንሹራንስ የሚያገኙት በአሠሪያቸው በኩል ነው። በ1974 የሠራተኞችን ጡረታና ጥቅም ለመጠበቅ አንድ ሕግ ወጥቶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 ከዚያው ከሚሲሲፒ በመጣው በፓይለት ላይፍ ነገር ይህን ሕግ ሲተረጉም፥ በአሠሪያቸው በኩል ኢንሹራንስ ያላቸው ሰዎች በክፍለ አገራቸው ሕግ የመቅጫ ካሣ መጠየቅ አይችሉም ብሎ ፈረደ። ሠራተኛውን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ እንዲህ ሆኖ ለኩባንያው ጋሻ ሆነ። በ2003ም ያው ፍርድ ቤት በ1 ሚሊዮን ዶላር ጉዳት ላይ 145 ሚሊዮን መቅጫ የጨመረውን ሌላ ፍርድ ሻረ፤ መቅጫው ከጉዳቱ ከ9 እጥፍ በላይ ሲሆን ከሕገ መንግሥቱ ጋራ የሚስማማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው አለ። የግሪሸም ፈራጆች የፈረዱት ግን 250 እጥፍ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የከፈተው በር ብዙ ሰው የማይገባበት ጠባብ በር ነው፤ ይህንም ለአንባቢው ባይሰውር ቁም ነገሩ በጠነከረ ነበር።

ከመጽሐፉ በኋላ የተሻሻለ ነገር የለም አይባልም። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ አስቀድሞ የታመመ ሰው ውል እንዳይነፈግ፥ ኩባንያዎቹም ከሚሰበስቡት 100 ዶላር 80 ወይም 85ቱን ለሕክምናና ለሕክምና መሻሻል እንዲያውሉ አዘዘ፤ የተከለከለውም ሰው ነገሩን ለገለልተኛ መርማሪ እንዲያቀርብ መብት ሰጠው። ይሁን እንጂ ከመዘግየት የሚገኘው ትርፍ አልጠፋም፥ የሕዝቡም ምሬት አልበረደም። በዲሴምበር 2024 የአንድ ትልቅ የጤና ኢንሹራንስ ኩባንያ አለቃ በኒው ዮርክ መንገድ ላይ በጥይት ሲገደል፥ ብዙ ሰዎች ለሟቹ በማዘን ፈንታ በኩባንያዎቹ ላይ ያላቸውን ቁጣ ተናገሩ። ነፍስ መግደል ፍርድ አይደለም፤ የአንድ ቤት ልቅሶ የሌላውን ቤት ልቅሶ አያብስም። ዳሩ ግን ሕዝብ ለተገደለ ሰው ማልቀስ እስኪያቅተው ድረስ ሲመረር፥ ከዚያ በፊት ስንት ደብዳቤ ተጽፎ ስንት ጊዜ እምቢ እንደ ተባለ መመርመር ይገባል።

«ዝናብ አዝናቢው» ከታላላቅ ድርሰቶች ጋራ የሚቆጠር ባይሆንም ለዚህ ምርመራ የሚረዳ መጽሐፍ ነው። አንባቢው ከፍርዱ ይልቅ በየሳምንቱ ከዶት ብላክ እጅ የወጣውን 18 ዶላር ቢያስብ ይሻላል፤ ገንዘቡ አንድም ሳምንት ሳይዘገይ ይከፈል ነበርና።