የሁለቱ ምክር ቤቶች መጋጠሚያ

ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል፣ ዋሻ ውስጥ የታነጸውን ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ግድግዳውን አይረሳውም። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ ደግሞ እንጨት፣ ደግሞ ድንጋይ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። እንጨቱ ያስራል፤ ድንጋዩ ይሸከማል። ጠቢቡ ሁለቱን አልደባለቃቸውም፤ ለየራሳቸው ሥራ ሰጥቶ አጋጠማቸው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስለ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የደነገጋቸው አንቀጾችም በዚህ ዓይን ሊነበቡ ይገባል። ብዙ አገሮች ሁለት ምክር ቤት የሚያቋቁሙት አንዱን ረቂቅ ሕግ ሁለቱም እንዲያዩት ነው። አሜሪካ እንዲህ ነው። እኛም ዘንድ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቶች ረቂቁን ተቀባብለው ይመክሩበት ነበር፤ የመጨረሻው ቃል ግን የንጉሠ ነገሥቱ ነበር።

የ1987ቱ አርቃቂዎች ይህን መንገድ ትተው ሥራውን ከሥሩ ለዩት። ሕግ ማውጣት፣ በጀት ማጽደቅ፣ ጦርነት ማወጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆነ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አዋጅ አያወጣም፤ የሌላውንም ረቂቅ አይቶ አይመልስም። የእርሱ ድርሻ ሕገ መንግሥቱን መተርጎም፣ ክልሎች ያልተስማሙበትን የወሰን ክርክር መቋጨት፣ አንድ ክልል ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ሲጥል የፌዴራሉ መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ ማዘዝ ነው።

የወንበሩ አቆጣጠርም የተለያየ ነው። ላሊበላ የምትገኝበት የላስታ ገበሬ በምርጫ ቀን ድምፁን በቀጥታ የሚሰጠው ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። የዚህ ቤት አባላት ከ550 አይበልጡም፤ ከእነዚህም አነስተኛ ቁጥር ያላቸው ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ አላቸው። ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚላኩትን ግን የአማራ ክልል ምክር ቤት ባሕር ዳር ላይ ይመርጣል፤ ቢፈልግ ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ማድረግ ይችላል። እዚያ እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወንበር አለው፤ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ይጨመርለታል። ስለዚህ የላስታ ሰሜናዊ ጎረቤት የሆነው የዋግ ኽምራ አገው ቁጥሩ ሚሊዮን ባይሞላም ወንበሩን የሚነሳው የለም።

ከሁሉ የረቀቀው ግን የገንዘቡ መጋጠሚያ ነው። በላስታ የመምህሩ ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያው ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከፌዴራል በሚመጣ ድጎማ ነው። ይህ ገንዘብ በሁለት እጅ ያልፋል። በበጀት ዓመቱ ለክልሎች የሚሰጠውን ጠቅላላ መጠን የሚያጸድቀው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ በምን ቀመር እንደሚከፋፈል የሚወስነው ደግሞ በአንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 7 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። መጠኑን ያጸደቀው ቀመሩን አይነካም፤ ቀመሩን ያወጣው አንዲት ሳንቲም አይጨምርም። በዚያ ላይ አንቀጽ 68 ማንም ሰው በአንድ ጊዜ የሁለቱም አባል እንዳይሆን ይከለክላል።

ምልዓተ ጉባኤውም ታስቦበታል። የተወካዮች ምክር ቤት ከግማሽ በላይ አባላቱ ከተገኙ ሥራ ይጀምራል። በፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን ሁለት ሦስተኛው ካልተገኘ ስብሰባ የለም።

ሁለቱ በአንድነት የሚቀመጡባቸው ጉዳዮች ጥቂት ናቸው። ፕሬዚዳንቱን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ፤ ሕገ መንግሥቱ ለማንም ለይቶ ያልሰጠውን የግብር ሥልጣን ይደለድላሉ። ማሻሻያ ላይ ሲደርስ ደግሞ የአርቃቂው ጥንቃቄ ይበልጥ ይታያል። ለተራው ማሻሻያ በጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የሁለት ሦስተኛ ክልሎች ይሁንታ ይበቃል። የመብቶችን ምዕራፍ ለመንካት ግን እያንዳንዱ ምክር ቤት ለብቻው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስጠት፣ የክልል ምክር ቤቶችም አንድ ሳይቀር መስማማት አለባቸው። በጋራ ስብሰባ ቁጥሩ የበዛው ቤት ሌላውን ሊውጠው ይችላል፤ በተናጠል ሲሆን አይችልም።

ስንጥቅም አለው። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የሕገ መንግሥት ትርጉም የተጠየቀው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነበር። ሰኔ 3 ቀን ምክር ቤቶቹ በሥልጣን ላይ እንዲቆዩ ሲወስን የራሱንም ዘመን አብሮ አራዘመ። የወሰኑም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ክልሎች ካልተስማሙ ይህ ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲወስን አንቀጽ 48 ያዛል። በፌዴራሉ መንግሥትና በሕወሓት መካከል በጥቅምት 2015 የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነትም አወዛጋቢ አካባቢዎችን በሕገ መንግሥቱ መሠረት ፍቱ ብሎ ነገሩን ወደዚያው መልሶታል። ዳኛው የክልል ምክር ቤቶች የመረጧቸው ሰዎች ስብስብ መሆኑን የሚከራከሩት ሁሉ ያውቁታል።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው፤ ሥራን ከሥራ መለየቱ የተዋጣለት ነው፤ ትርጉሙን ለፖለቲካ ቤት መስጠቱ ግን የሥራው ደካማ ጎን ነው። ሕገ መንግሥቱ የሚሻሻልበት ቀን ከመጣ ትርጉሙ ለገለልተኛ ዳኛ ይሰጥ፤ የገንዘቡን መጋጠሚያ ግን ማንም ባይነካው ይሻላል።