የሮቢ ድንጋይ ሲገለበጥ

ሸዋ ሮቢት ላይ ማሾ የሚለቀመው በሰፌድ ነው። ሴቶቹ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ እፍኝ እፍኙን ሰፌዱ ላይ አፍስሰው በጣታቸው ይበትኑታል። ጠጠሩ ወዲያ፣ ገለባው ወዲያ፣ ነቀዝ የበላው ፍሬ ወዲያ። ዓይናቸው ከእጃቸው ይቀድማል። ስለ ወንዝ ውሃ ላወራ ተነሥቼ በማሾ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በታኅሣሥ ማለቂያ ሮቢ ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ ያየሁት ሥራም ይኸው ለቀማ ነበር። ሰፌዱ ነጭ የፕላስቲክ ትሪ ነው፤ ጣቱ ወረንጦ ነው፤ የሚለቀመው ደግሞ ከወንዙ ወለል ተዝቆ የወጣ አሸዋ፣ የበሰበሰ ቅጠልና በመካከሉ የሚርመሰመስ ነፍስ ያለው ነገር ነው።

ለቃሚዋ ወጣት የውሃ ሥነ ሕይወት ባለሙያ ናት። ወንዙ ጋ እንደ ደረሰች ትገባለች ብዬ ስጠብቅ አልገባችም። መቶ ሜትር ያህል ዳር ዳሩን ወጣች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ወጣች። እያየች ወረቀቷ ላይ ትጽፋለች፦ ከወለሉ ስንት እጁ አሸዋ ነው? ስንቱ ጠጠር፣ ስንቱ እጅ የሚሞላ ድንጋይ? የዛፍ ሥር ውሃ ውስጥ የገባበት አለ? ቅጠል የተከማቸበትስ? ናሙናው ከሃያ ቦታ ይወሰዳል፤ እያንዳንዱ ቦታ 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ነው። ሃያው ሲደመር አንድ ካሬ ሜትር ከሩብ ይሆናል። ሃያውን የምታከፋፍለው ግን እንደ ፍላጎቷ ሳይሆን እንደ ወንዙ ነው። ወለሉ ስድሳ በመቶ አሸዋ ከሆነ ከሃያው አሥራ ሁለቱ ከአሸዋው ይወሰዳሉ።

ይህን ስትነግረኝ ሥራው ምን ያህል ታማኝነት እንደሚጠይቅ ገባኝ። የሚንከባለል አሸዋ ላይ የሚኖር ፍጥረት ጥቂት ነው። ከድንጋዩ ሥር ግን መንደር አለ። እጅ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል፤ ወንዙን ከሆነው በላይ ማሳመር ቀላል ነው። እርሷ አሸዋውን አሥራ ሁለት ጊዜ ቆፈረች፤ ከአንዳንዱ ባዶ መረብ እያነሣች።

አገባቧም ሥርዓት አለው። ከታች ትጀምራለች፣ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ያልነካችውን ውሃ እንዳታደፈርስ። የመረቡ አፍ ወራጁን ይቀበላል። የመረቡ ዓይን ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ ደለሉ ያልፍበታል፣ ፍጥረቱ ይቀርበታል። በመረቡ ፊት ያለውን ወለል በእግሯ ትቀሰቅሳለች፤ ትልልቁን ድንጋይ ደግሞ በእጇ አንሥታ እዚያው መረቡ አፍ ላይ ታሸዋለች። ከጨረሰች በኋላ ድንጋዩን ወደ ነበረበት ትመልሰዋለች፤ ሆዱ ወደ ታች፣ ጀርባው ወደ ላይ፣ እንደ አገኘችው።

ቦይ ሊከፍቱ አካፋ ይዘው የወረዱ አንድ ሽማግሌ ቆመው ሲመለከቷት ቆይተው፣ «ልጄ፣ ዓሣ ነው የምታጠምጂው?» አሏት።

«የለም አባባ፤ ዓሣው የሚበላውን ነው የምፈልገው።»

«ትሉን?»

«ትሉን። ኑ፣ ላሳይዎት።»

እኔም አብሬ ጎንበስ አልኩ። ያሳየችን ከከተማው በላይ፣ ውሃው ስስ ሆኖ ድንጋይ ላይ ከሚሮጥበት ያነሣችውን አንድ ድንጋይ ነው። ሆዱ ላይ መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ቆይቶ ድንጋዩ ራሱ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ስፋቷ ከምስር የማይበልጥ፣ ዝርግ፣ ቡናማ ፍጥረት በጎን በጎኗ ሸርተት ብላ ወደ ጥላው ዞረች። ዓይኖቿ አናቷ ላይ ናቸው፤ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ለሚኖር ሆዱ በኩል የሚያየው የለውምና። እግሮቿ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ተዘርግተዋል፤ ወራጁ ከላይዋ ያልፋል እንጂ አይነቅላትም። በሁለቱም ጎኗ የተደረደሩት ስስ ቅጠሎች ስንጥቦቿ ናቸው፣ የምትተነፍስባቸው። በስተኋላዋ ሦስት ፀጉር የመሰሉ ጭራዎች አሏት። ይህች ዕጭ ናት፤ ወራት ውሃ ውስጥ ኖራ ክንፍ ስታወጣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አትቆይም። ሜይፍላይ ይሏታል።

እዚያው ድንጋይ ላይ፣ በአንዲት ስንጥቅ አፍ፣ ከጠጠርና ከቅጠል ቁርጥራጭ የተሠራች ጎጆ ነበረች፤ ከፊቷ ደግሞ መረብ ተዘርግቷል። በአጉሊ መነጽር ስናየው ዓይኑ አራት ማዕዘን ነው፤ ማግና ድሩ ልክ በልኩ የተላለፈ። የሠራችው ካዲስፍላይ የሚሏት ዕጭ ከአፏ በምታወጣው ሐር ነው። ወራጁ የሚያመጣውን ምግብ መረቧ ይይዝላታል፣ እርሷ ከጎጆዋ ወጥታ ትለቅማለች። የዚህ የይፋት አካባቢ አርጎባ በሸማ ሥራ የታወቀ ሕዝብ ነው፤ እኔም የሸማኔ ሥራ እያየሁ ያደግሁ ነኝና እንዲህ ያለ ውጥር ሲገጥመኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መወርወሪያ የሌለው፣ መቃ የሌለው፣ ጣት የሌለው ሸማኔ፣ ያውም በሚነዳ ውሃ ውስጥ። የልጅቷ መረብና የዕጯ መረብ አፋቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ሁለቱም ሮቢ የሚያወርደውን ነው የሚጠብቁት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በጠርሙስ የሚቀዳ ውሃ የተቀዳበትን ደቂቃ ይናገራል። ማለዳ ሽንኩርት ላይ የተረጨ ፀረ ተባይ ማታ በቦይ ወደ ወንዝ ቢገባ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ለሚመጣ ጠርሙስ ምንም ሳይተው አልፎ ሊገኝ ይችላል። ወለሉ ላይ የሚኖረው ፍጥረት ግን ሳምንታትና ወራት እዚያው ነው። ክፉውንም ደጉንም ተቀብሎ ነው የሚቆየው። ፀረ ተባይ የተሠራው ነፍሳትን ለመግደል መሆኑንም አንርሳ፤ ከድንጋዩ ሥር ያሉትም አብዛኞቹ ነፍሳት ናቸው። የጎደለው ፍጥረት ራሱ ነገር ይናገራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመኖቹ ኮልክቪትዝና ማርሰን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትኛው ፍጥረት በየትኛው ቆሻሻ ውሃ እንደሚኖር ሥርዓት አበጁለት። እንግሊዞች ደግሞ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለየቤተሰቡ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጡ፤ ቆሻሻ የማይችለው 10፣ ሁሉን የሚችለው 1። በዚያ ሰንጠረዥ ያቺ ዝርግ ሜይፍላይ 10 ናት። መረብ ዘርጊዋ 5፣ እንደ ትንሽ ዓሣ የምትዋኘው ሌላዋ ሜይፍላይ 4፣ የማትናከሰው ትንኝ ዕጭ 2፣ ደለል ውስጥ ራሱን ቀብሮ የሚኖረው ትል 1። አምስቱም ከተገኙ ድምሩ 22 ነው፣ ለአምስት ሲካፈል 4.4 ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ከቀሩ 1.5። ከእነዚህ ከሁለቱ፣ አንዳንዷ የትንኝ ዕጭ ደም የመሰለች ቀይ ናት፤ ቅላቷም ከእኛው ደም ጋር የሚዛመድ ሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን በተሟጠጠበት ጭቃ ውስጥ ጥቂቷን ይዛ የምትኖርበት።

አገራችን ውስጥ ይህ ሙያ እንግዳ አይደለም። «የተበከሉ ውሃዎች ሥነ ሕይወት» የሚለውን የታወቀ መጽሐፍ በ1960 እ.ኤ.አ. የጻፈው ኖኤል ሃይንስ ከባልደረባው ከአርተር ሃሪሰን ጋር በ1980ዎቹ የኢትዮጵያን የተራራ ጅረቶች ወለል አጥንቷል። ሁለቱ ከተስፋዬ በርሄ ጋር ሆነው አዲስ አበባን የሚያቋርጥ ጅረት እንዴት እየተበላሸ እንደሚወርድ በ1989 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የአቃቂ ወንዝም በነዚሁ ፍጥረታት ተመዝኗል። እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ግን በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። አስቻለው ላቀውና ከቪየና የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ኦቶ ሞግ ለኢትዮጵያ የደጋ ወንዞች የተበጀ የነጥብ ሰንጠረዥ አዘጋጁ፤ ስሙንም ኢትባዮስ አሉት። የእንግሊዙን ቁጥር ተርጉሞ መለጠፍ ይቻል ነበር። እነርሱ ግን የኛው ወንዞች ውስጥ የኛው ፍጥረታት ንጹሕና ቆሻሻ ውሃ ላይ እንዴት እንደሚታዩ ተመልክተው ሠሩት። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ለብሰን ለኖርን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ስል አላጋነንኩም።

ማሞካሸቴን ሳልጨርስ ወደ ልጅቷ ዞሬ፣ ታዲያ ሮቢ ስንት አገኘ ብዬ ጠየቅኋት። ቁጥር ልትሰጠኝ እንቢ አለች።

«ኢትባዮስ የደጋ ነው» አለችኝ። «እዚህ ቆላ ነን።»

ትክክል ናት። የይፋት ወንዞች ከጣርማ በር ግድምና ከአጎራባቹ ደጋ ተነሥተው በጥቂት አሥርት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ወደ 1300 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ። ውሃው ይሞቃል። የሞቀ ውሃ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን አይዝም፤ በባሕር ጠለል ላይ 10 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውሃ 11 ሚሊ ግራም ገደማ ሲይዝ 25 ዲግሪ የሆነው 8 ገደማ ይይዛል። ማንም ሳይበክለው ቆላ ያለው ወንዝ ሌላ ወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አጣዬ ድንጋይ እያንከባለሉ ይወርዳሉ፣ ወለላቸውን ጠርገው ይሄዳሉ። በበጋ ደግሞ ውሃው በቦይ ተከፋፍሎ ለሽንኩርቱና ለማሾው ይሄድና ዋናው ወንዝ ይሳሳል። መረብ ባዶ ሲወጣ ጎርፍ ጠርጎት ነው? ደርቆ ነው? አሸዋ ሆኖ ነው? ወይስ መርዝ ነው? ይህን ሳይለዩ ነጥብ መጻፍ ወንዙን መወንጀል ነው፤ ወይም በከንቱ ማመስገን። ጎርፉ ካለፈ ወራት ቆይታ በታኅሣሥ የመጣችውም ለዚህ ነው።

ትሪው ላይ ለዚህ የሚሆን አንድ ምሳሌ አሳየችኝ። ከሜይፍላይ ወገን የሆነች፣ ድፍን ያለች ትንሽ ፍጥረት፤ ጀርባዋ ላይ እንደ መስኮት መዝጊያ የገጠሙ ሁለት ክዳኖች አሏት። ክዳኖቹም ራሳቸው የተለወጡ ስንጥቦች ናቸው። እነርሱ ይከድኑና ከሥራቸው ያሉት ስስ ስንጥቦች ደለል ሳይደፍናቸው ይተነፍሳሉ። ደለል ለበዛበት ወንዝ የተበጀ ሥራ ነው። ሜይፍላይ አየሁ ብሎ ውሃው ጥሩ ነው የሚል ሰው እዚህ ይሳሳታል፤ የትኛዋ ሜይፍላይ የሚለውን ክዳኑ ይመልሰዋል። ለይፋት ወንዞች የሚሆን ሰንጠረዥ ሲሠራ፣ እንዲሠራም አጥብቄ እመኛለሁ፣ የሚጀመረው ከዚህ ዓይነት መዝጊያ ነው። ከደብረ ሲና በታች ገና እጅ ያልበዛባቸውን ጅረቶች መርጦ መለኪያ ማድረግ፣ ከዚያ ወደ እርሻው፣ ወደ ከተማው መውረድ፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወርዶ በከሚሴ ሜዳ የሚያልፈውን ቦርከናንም ከጎን ማየት። ብዙ ታኅሣሥ ይፈልጋል።

ለቀማው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ወረንጦዋ ለስላሳ ነው፤ ፍጥረቱን ቆንጥጣ አትይዝም፣ ከሥሩ ገብታ ታነሣዋለች። ስንጥቡና ጭራው በቀላሉ ይረግፋል፤ ጭራ የሌላት ሜይፍላይ ማታ ማይክሮስኮፕ ሥር ስሟን አትናገርም። ፍጥረቷ አልኮሉ ብልቃጥ ውስጥ ስትገባ ትንሽ ትዞርና ትሰክናለች። ልጅቷ የብልቃጡን ጽሑፍ ከውጭ አትለጥፈውም፤ በእርሳስ ትጽፍና ወረቀቱን ከፍጥረቶቹ ጋር አብራ አልኮሉ ውስጥ ትከተዋለች። የእስክርብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል። እርሳስ ግን ይቆያል፤ ከዓመታት በኋላም ብልቃጡን የሚከፍት ሰው ያነበዋል። ወንዙን፣ ከከተማው በላይ መሆኑን፣ ቀኑን፣ የለቀመውን ሰው። ስሟን ያላወቀቻትን አንዲት ፍጥረት ለብቻዋ በትንሽ ብልቃጥ አስቀመጠቻት፤ የስሙን ቦታ ባዶ ተወችው።

ዕቃዋን ስትሰበስብ ሽማግሌው ቦያቸውን ከፍተው ጨርሰዋል። አካፋቸውን ዳር ላይ ጥለው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገብተዋል። አንድ ድንጋይ በሁለት እጃቸው ገልብጠው ወደ ፊታቸው አስጠግተዋል።

«ልጄ፣ ይቺስ ከየትኛዋ ናት?»

«ጭራዋን ይቁጠሩት እስቲ፣ አባባ።»

ፀሐዩን በመዳፋቸው ከለሉ። ትንሽ ቆዩ።

«ሦስት» አሉ፤ ድንጋዩንም በነበረበት በሆዱ አስተኙት።