ከፈተና ውጤት እስከ ፊርማ

የሂሳብ ሙያ ፈተናን ማለፍ የዕውቀት ማረጋገጫ ሲሆን፣ የሙያ ፈቃድ ግን አንድ ባለሙያ በሌሎች ሂሳብ ላይ አስተያየቱን ጽፎ እንዲፈርም፣ ባንኮችና ባለአክሲዮኖችም በፊርማው እንዲተማመኑ ሕግ የሚሰጠው ሥልጣን ነው። በኬንያ ፈተናውን የሚሰጠው ካስኔብ የተባለው የፈተና ቦርድ ሲሆን፣ ባለሙያውን የሚመዘግበው የአገሪቱ የተመሰከረላቸው የሂሳብ አዋቂዎች ኢንስቲትዩት ነው። በኢትዮጵያም በርካታ ወጣቶች የሚፈተኑበት፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተመሠረተው የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ኤሲሲኤ፣ ፈተናውን የጨረሰን ሰው ሙሉ አባል የሚያደርገው የ36 ወራት የሥራ ልምዱ ሲረጋገጥ ነው፤ አገር ውስጥ ኦዲተር ሆኖ ለመፈረም ደግሞ አዋጅ ቁጥር 847/2006ን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ይጠየቃል።

የልዩነቱ ምክንያት በጁባ በግልጽ ይታያል። የፈተና ጥያቄ የምንዛሪ ተመኑን አብሮ ይሰጣል፤ የደቡብ ሱዳን ፓውንድ በዲሴምበር 2015 እ.ኤ.አ. በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት ግን አንድ ዶላር በባንክ 2.96 ፓውንድ ገደማ፣ በጎዳና የዚያ ብዙ እጥፍ ነበር፤ በተለቀቀ ጊዜም የባንኩ ተመን ወደ 18.5 ገደማ ዘለለ። ያኔ በጁባ ቡሉክ ሰፈር የሚሠራ አንድ አስመጪ የዶላር ዕዳውን በባንክ ተመን ቢመዘግብ መዝገቡ የተስተካከለ ይመስላል፤ በዚያ ተመን ዶላር ማግኘት ካልቻለ ግን ዕዳው ከእውነተኛው እጅግ አንሶ ይታያል። ስለ ውጭ ምንዛሪ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ 21 ብዙ ተመን ሲኖር ክፍያው ሊፈጸምበት ይችል የነበረው እንዲወሰድ ያዛል፤ የጎዳናው ተመን እንደዚያ ይቆጠራል ወይ የሚለውን መወሰን ግን ለፈራሚው የተተወ ከባድ ፍርድ ነው።

ሰልጣኙ በልምምዱ ወራት የሚማረው ይህንን ነው፦ ሰነድ ሲጎድል ምን ማስረጃ እንደሚጠይቅ፣ የባለቤቱን ማብራሪያ መቼ በቂ አድርጎ እንደሚወስድ፣ መቼስ አልፈርምም እንደሚል። የልምድ ማረጋገጫውን የሚፈርመው አለቃ ይህን በዓይኑ ሳያይ ወራቱን ብቻ ቆጥሮ ከፈረመ፣ ፈቃድ ሰጪው የተሟላ ዶሴ ያያል፣ ነጋዴው ግን ከፈተና አዳራሽ ያልወጣ ኦዲተር ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ማንኛውም አለቃ ሰልጣኙ ያዘጋጀውን የአንድ ሙሉ ዓመት የኦዲት የሥራ ወረቀት፣ ማለትም የምርመራውን ማስረጃና የውሳኔውን ምክንያት የያዘውን መዝገብ፣ ከእርሱ ጋር ገጽ በገጽ ሳይመረምር መፈረም አይገባውም።