የአብራሪዎች ግምት ማስረጃ ይሆናልን?

አንድ አይሮፕላን ወድቆ ሰው በሞተ ቍጥር፥ መርማሪዎቹ ከስፍራው ሳይደርሱ ምክንያቱን የሚናገሩ ሰዎች አይታጡም። ከእነዚህም መካከል ቃላቸው ከሁሉ ይልቅ የሚደመጠው የሌሎች አብራሪዎች ነው። መደመጣቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥራውን ያውቁታልና። ነገር ግን ሥራውን ማወቅና የተደረገውን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አብራሪ በልምዱ የሚያውቀው በአየር ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል ነው፤ በዚያ ቀን፥ በዚያ አይሮፕላን ላይ ምን እንደ ደረሰ ግን ከማስረጃው በቀር የሚነግረው የለም። የዚህ አጭር ትችት ዓላማ ይህ ልዩነት ሲዘነጋ የሚከተለውን ስሕተት ማሳየት ነው።

ለወረታና ለፎገራ ሰው ቅርብ ከሆነው አደጋ እንጀምር። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሣ የርግብ መንጋ ገጠመው፤ ርግቦቹም በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አንደኛው ሞተር ወዲያው ኃይሉን አጣ፤ ሁለተኛውም አይሮፕላኑ ወደ ተነሣበት ለመመለስ ሲሞክር ደከመ። አይሮፕላኑ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ98ቱ መንገደኞች 35 ሞቱ፤ 6ቱ የአይሮፕላኑ ሠራተኞች ተረፉ።

በፎገራ ሜዳ ወፍ እንግዳ ነገር አይደለም። የጣና ዳርቻ፥ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ረግረግ፥ የእህሉም ማሳ ብዙ ዓይነት ወፍ ይስባሉ። እህል ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ መጠበቅ የገጠር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቀ፥ ሁለት ሞተር በአንድ ጊዜ መድከሙን ከሩቅ የሰማ ሰው አስቀድሞ ወፍን ያስባልን? ልምድ ያለው አብራሪ ነዳጁን ሊጠረጥር ይችል ነበር፤ ሁለቱን ሞተሮች የሚያገናኛቸው እርሱ ነውና። ሌላው ደግሞ የጥገናን ጉድለት ወይም የአብራሪውን እጅ ሊጠረጥር ይችል ነበር። ሁሉም ግምቶች ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ፤ የሆነው ግን አንድ ብቻ ነው። የባሕር ዳሩ አደጋ ምክንያት የታወቀው አንድ ሰው በደንብ ስለ ገመተ ሳይሆን፥ ያዩትን የሚናገሩ ሠራተኞች በሕይወት ስለ ተረፉና ሞተሮቹም ስለ ተመረመሩ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ ግን ከተሳፈሩት 157 ሰዎች አንድ እንኳ ቃሉን ሊሰጥ የቀረ አልነበረም። ስለዚህም የግምቱ በር ሰፊ ሆነ። ግንቦት 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በአሜሪካ ምክር ቤት በተደረገ ስብሰባ፥ ራሳቸው አብራሪ የሆኑት የምክር ቤት አባል ሳም ግሬቭስ፥ በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ችግሩን ይወጡት ነበር የሚል አሳብ ሰጡ። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ደግሞ ዊልያም ላንገቪሽ የተባሉት ደራሲና አብራሪ በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ረጅም ሐተታ አወጡ። የሐተታው ዋና አሳብ፥ የቦይንግ ጥፋት ባይካድም፥ በኢንዶኔዥያም ሆነ በኢትዮጵያ የጎደለው የአብራሪነት ብልሃት ነው የሚል ነበር።

ጽሑፉን በሚገባው ልክ መመዘን ይገባናል። ደራሲው ባለሙያ ነበሩ፤ ከተናገሩትም እውነት የሆነ ነገር አለ። የሞተሮቹ ኃይል ለመነሻ በተወሰነው መጠን እንደ ቀረ፥ ፍጥነቱም ከልክ በላይ እንደ ጨመረ የበረራው መዝገብ ራሱ ይመሰክራል። ይህን ማንሣት ስድብ አይደለም።

ጉድለቱ ያለው ከዚህ በተወሰደው መደምደሚያ ላይ ነው። ኤምካስ የተባለው መሣሪያ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚጭነው ማዕዘን ከሚለካ ከአንድ ሴንሰር ብቻ በሚያገኘው ወሬ ነበር። በዚያ ቀን የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15 ያህል ያሳይ ነበር። አብራሪዎቹ በመመሪያው እንደ ታዘዘው የኤሌክትሪኩን ማብሪያ ማጥፊያ ዘጉ፤ ከዚያ በኋላ በእጅ የሚዞረው መዘውር አልዞር አላቸው። ጸሐፊው የሚያነጻጽሩት እነዚህን ሰዎች፥ መልሱን አስቀድሞ ከሚያውቅና በወንበር ተቀምጦ ከሚያስብ አብራሪ ጋር ነው። እንዲህ ያለ ሚዛን ለማንም አያደላም ቢባልም፥ ሁልጊዜ የሚፈርደው በሟቹ ላይ ነው።

ለዚህ የተሻለውን መልስ የሰጡት ሌላ አብራሪ ናቸው። በሁድሰን ወንዝ ላይ ያረፉት ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር አደጋውን በሲሙሌተር ሞክረው ነበር። የሚመጣውን እያወቁ እንኳ፥ ችግሩ ሳይፈታ ጊዜውና ከፍታው እንዴት ሊያልቅ እንደሚችል እንደ ተረዱ ሰኔ 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ ተናገሩ። ልዩነቱን እንመልከት፤ አንደኛው ገመተ፥ ሁለተኛው ግምቱን ፈተነ። ሰለንበርገርን ያወጣቸውም ወፍ መሆኑ ይታወሳል፤ በ2001 ዓ.ም. ሁለቱን ሞተሮቻቸውን ያጠፋቸው የዝይ መንጋ ነበር።

ይሁን እንጂ ትችታችን በውጭ አገር ሰው ላይ ብቻ እንዳይሆን ወደ ራሳችንም እንመለስ። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት ተነሥቶ ባሕር በገባው አይሮፕላን 90 ሰዎች ሞቱ። የሊባኖስ መርማሪዎች ምክንያቱን በአብራሪዎቹ አያያዝ ላይ ሲያደርጉ፥ አየር መንገዱ መደምደሚያውን ተቃውሞ ፍንዳታ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። በ2011ዱም አደጋ፥ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጨረሻ መግለጫ የሴንሰሩን መበላሸት ከአይሮፕላኑ የኤሌክትሪክ ጉድለት ጋር አያያዘው። የአሜሪካ መርማሪዎች በኤምካስ ላይ ተስማምተው፥ ሴንሰሩን ግን የመታው ባዕድ ነገር፥ ይልቁንም ወፍ ሳይሆን አይቀርም አሉ። እነርሱና የፈረንሳይ መርማሪዎችም የአብራሪዎቹ ሥራ በበቂ አልተመረመረም ሲሉ ወቀሱ። የራስን ወገን ለመከላከል የሚቀርብ ግምትም ያው ግምት ነው፤ አገር መውደድ የማስረጃን ቦታ ሊይዝ አይችልም። ሟቾቹን የሚያከብራቸውም ሥራቸው በሙሉ መመርመሩ እንጂ መሸፈኑ አይደለም።

ታዲያ አብራሪዎች ዝም ይበሉን? አይደለም። በተለይ ከ5,700 ኪሎ በታች የሆኑ ትንንሽ አይሮፕላኖች አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ሳጥን የላቸውም፤ እንዲህ ባለው አደጋ የአብራሪ ልምድ ለመርማሪው ትልቅ ረዳት ነው። ግን ግምቱ ፍርድ ከመሆኑ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ማለፍ ይኖርበታል። አንደኛ፥ ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ በስብርባሪው ወይም በመዝገቡ ላይ ምን ምልክት ይተው ነበር? ሁለተኛ፥ ምን ቢገኝ አሳቤን እተዋለሁ? ሦስተኛ፥ የሞተው አብራሪ የእኔ አገር ሰው ወይም የእኔ ባልንጀራ ቢሆን ይህንኑ እናገር ነበርን? ሦስተኛው ጥያቄ ለግሬቭስና ለላንገቪሽ ብቻ የተመደበ እንዳይመስለን፤ በቤይሩት ጊዜ ለእኛም ይገባን ነበር።

የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አባሪ 13 የምርመራ ብቸኛ ዓላማ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛን መፈለግ እንዳልሆነ ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ለርኅራኄ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ጥፋቱ በአንድ ሰው ላይ ከተደመደመ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቀራል። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ማክስ መብረሩን ቀጠለ፤ ከአምስት ወር ያነሰ ጊዜ ቆይቶ የቢሾፍቱው ተከተለ። በዚያ መካከል አብራሪዎቹ አልቻሉም የሚለው ወሬ ለስንት ሰው የልብ ዕረፍት ሰጥቶ እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ያስበው። አበው ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ማለታቸው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። የአብራሪ ግምት ወደ ሥሩ የሚወስድ መንገድ ሲሆን እንቀበለው፤ ሥሩ ተገኝቷልና መቆፈር ይቅር የሚል ሲሆን ግን ከማን አፍ ቢወጣ ማስረጃውን እንጠይቀው።