ሰሙ ለሻጭ ወርቁ ለገዢ፤ ስለ አሰብና ስለ አውሳ የውል ቃሎች የተጻፈ ምርመራ

የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን አስቀድሞ የሚያስተምረው የነገሩን ባለቤትና ማሰሪያውን እንዲፈልግ ነው። ባለቤቱ ማን ነው? የሚያደርገውስ ምንድር ነው? የሚደረግበትስ ማን ነው? እነዚህ ሦስቱ ካልታወቁ ቃሉ ሁሉ ማሰሪያ እንደሌለው ነዶ ይበተናል። ይህ መመዘኛ ለጉባኤ ቃናና ለመወድስ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ለነገሥታት ውልም ይሠራል። ውልም ድርሰት ነውና፤ ደራሲ አለው፣ ሰሚ አለው፣ ሰምና ወርቅም አለው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ አንድ ቅኔ ቢበላሽ የሚያፍረው ባለቅኔው ብቻ ሲሆን፣ አንድ የውል ቃል ቢጣመም ግን አገር ከነሕዝቡ ከእጅ ይወጣል። ስለዚህ ከቀይ ባሕር ዳር እስከ አዋሽ ግርጌ፣ ከዚያም እስከ ውጫሌ ድረስ የተጻፉት የውል ቃሎች እንደ ድርሰት ሊመረመሩ ይገባቸዋል። ከዚህ በታች የተነገሩት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ኅዳር 7 ቀን 1862 ዓ.ም. ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል፣ ቀድሞ የላዛሪስት ሚሲዮናዊ የነበረ ኢጣልያዊ፣ ሐሰንና ኢብራሂም ከሚባሉ ወንድማማች የአፋር ሱልጣኖች ጋራ ስለ አሰብ ባሕር ዳር ተዋዋለ። ዋጋው 6,000 ጠገራ ብር ነበረ። ከሁለት ቀን በኋላ የሱዌዝ ቦይ ተከፈተ። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አድርጎ ላየ ሰው የውሉ ምክንያት ሳይነገረው ይገለጥለታል። ትናንት የዓሣ አጥማጅና የፍየል ጠባቂ የነበረው አሸዋ በማግሥቱ ከአውሮፓ ወደ ሕንድ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለ ደጅ ሆነ። እንግሊዝ አስቀድማ ኤደንን ይዛ ነበር፤ ፈረንሳይ በ1854 ኦቦክን በ10,000 ብር ተዋውላ ነበር፤ ግብጽም በቱርክ ሱልጣን ስም ምጽዋን ይዛ ጠረፉ ሁሉ የእኔ ነው ትል ነበር። አሰብ የተሸጠው በእነዚህ ሁሉ መካከል ነው።

እንግዲህ መመዘኛው ይቅረብ። ገዢው ማን ነው? ቦታው የተያዘው ሩባቲኖ በሚባለው በጄኖዋ የመርከብ ኩባንያ ስም ነው። ለከሰል ማራገፊያ ወደብ የሚፈልግ ነጋዴ ይመስላል። ነገር ግን በ1874 የኢጣልያ መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረክቦ ቅኝ ግዛቱ መሆኑን በሕግ አወጀ። ነጋዴው ሰም ነበረ፣ መንግሥቱም ወርቅ። ሻጮቹ የተነጋገሩት ከባለ መርከብ ጋራ ነበረ፤ የኋላ ኋላ ምድሩን የተረከበው ግን ንጉሥ ነው።

ሻጩስ ማን ነው? በአፋር ልማድ ምድር የጎሣ ነው። ግጦሹና የውኃው ጉድጓድ የአባቶችና የልጆች የጋራ ሀብት ስለ ሆነ፣ ሱልጣን የዚያ ጠባቂና ዳኛ እንጂ እንደ ግመል ወይም እንደ ጨው አሞሌ ወደ ገበያ የሚያወጣው ባለቤት አይደለም። ደግሞም የራሄይታው ሱልጣን ቡርሃን በዚያው ጠረፍ ላይ የራሱ መብት እንዳለው የሚናገር ጎረቤት ነበረና ኢጣልያኖች ከእርሱም ጋራ ሌላ ውል መዋዋል ግድ ሆነባቸው። ለአንድ ጠረፍ ከአንድ በላይ ባለቤት ተገኝቶ ለእያንዳንዱ ወረቀት የሚጻፍ ከሆነ፣ የፊተኛው ወረቀት ሙሉ እንዳልነበረ ኋለኛው ይመሰክርበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው ግን የባለቤትነቱ ዕድሜ ነው። ግብጽ ሽያጩን በተቃወመች ጊዜ ኢጣልያ የመለሰችው መልስ፣ እነዚህ ሱልጣኖች ለማንም የማይገዙ ነጻ ጌቶች ስለ ሆኑ ምድራቸውን ለወደዱት መስጠት ይችላሉ የሚል ነበረ። ቃሉ መልካም ነው፤ ነጻነትን ያከብራል። ነገር ግን ያ ነጻ ጌታ ጌትነቱ የተመሰከረለት በሚሸጥበት ዕለት ብቻ ነው፤ በማግሥቱ የባዕድ ሰንደቅ ዓላማ በተተከለበት ምድር ላይ ተቀማጭ ሆነ። ሊወስዱበት ሲሉ ዘውድ ጫኑለት ማለት ይህ ነው። ማሰሪያው በተነገረበት ቅጽበት ባለቤቱ የሚጠፋበት ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ቤት የለም፤ በአሰብ ውል ግን ተገኘ።

ስለዚህ ጉዳይ የሚናገሩ ብዙዎች፣ ሱልጣኖቹ አገር የሚያህል ነገር በጥቂት ብር ሸጡ እያሉ ይወቅሳሉ። ይህ ወቀሳ ዒላማውን የሳተ ነው። ዋጋው ዐሥር እጥፍ ቢሆን ኖሮ ውሉ የቀና ይሆን ነበርን? በደሉ ያለው በብሩ ቍጥር ሳይሆን በሚሸጠው ነገር ስም ነው። አንዱ ወገን የባሕር ዳር ማረፊያ እሰጣለሁ ብሎ ሲናገር፣ ሌላው ምድርን ከነፍርዷና ከነነዋሪዋ እቀበላለሁ ብሎ ይሰማል። በዋጋ ላይ የሚከራከር ሰው ሽያጩን አስቀድሞ አምኖ ተቀብሎታል።

ከአሰብ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ የአዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ በሐይቅ በሚቀርበት ምድር አውሳ ትገኛለች። በዚያ ዘመን የአውሳ ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ነበረ። እርሱ ወረቀት የማያውቅ የበረሃ ሰው ነበር ተብሎ እንዳይታለፍ አንድ ነገር ይታወስ። በ1868 በግብጽ መንግሥት አገልግሎት የነበረው የስዊስ ሰው ሙንዚንገር ጦር ይዞ ወደ አውሳ በገባ ጊዜ የአፋር ሰዎች በሌሊት ወድቀውበት እርሱንም ብዙ ሠራዊቱንም ፈጁ። በዚያው ዓመት ግብጽ በጉንደትና በጉራዕ በዐፄ ዮሐንስ ጦር ድል ሆናለች። ስለዚህ ሐንፈሬ የመንግሥታትን ኃይል የሚመዝን፣ አንዱን በአንዱ የሚከላከል ብልህ ገዢ ነበረ።

ከዚህ ሰው ጋራ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ሁለት ጊዜ ተዋዋለ፤ መጀመሪያ በ1875 ከአሰብ ወደ ሸዋ ስለሚሄደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ፣ ኋላም በ1881 መግቢያ። በሁለተኛው ውል ሱልጣኑ የአፋርን ጠረፍ የኢጣልያ መሆኑን ይቀበላል። ደግሞም ሌላ መንግሥት አውሳን ልያዝ ቢል፣ ሱልጣኑ ያን ይቃወማል፣ የኢጣልያንም ሰንደቅ ዓላማ ተክሎ በጥበቃዋ ሥር መሆኑን ያስታውቃል የሚል ቃል አለበት። እዚህ ላይ አንባቢ ቆሞ ማሰሪያውን ይመልከት። ነገሩ በ«ቢ» የተንጠለጠለ ነው። ቢመጣ ይሆናል፣ ባይመጣ ግን አይሆንም። ለሐንፈሬ ይህ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጋሻ ነበረ፤ ጋሻ ደግሞ ጦር ሳይመጣ አይነሣም። ኢጣልያ ግን «ቢሆን» የተባለውን «ሆኗል» አድርጋ ቈጠረችና አውሳን ከጥበቃዋ በታች ካሉት አገሮች መደበቻት። አንድ ፊደል ወደቀች፣ አንድ ሱልጣኔትም አብራ ወደቀች።

ያ «ሌላ መንግሥት» የተባለውስ ማን ነው? ፈረንሳይ ሊሆን ይችላል፣ እንግሊዝም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አውሳን ከግዛቱ የሚቈጥራት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ከዚህ ቃል ውጭ አይሆንም። ውሉን የጻፈው እጅ ደግሞ አምስት ወር ሳይሞላው በውጫሌ ከምኒልክ ጋራ ተዋዋለ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ማለት ነው። የውጫሌው ዐሥራ ሰባተኛ ክፍል ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረለት እዚህ ማስረዘም አያሻም። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ላላቸው ጉዳይ የኢጣልያን መንግሥት መልእክተኛ ማድረግ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ በኢጣልያንኛው ግን ይህን ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ግስ ቆመበት። በአማርኛው ችሎታው በባለቤቱ እጅ ነው፤ በኢጣልያንኛው ግን ባለቤቱ ራሱ ታስሯል። አውሳን የተመለከተ ሰው በውጫሌ አይደነቅም፤ አንድ ደራሲ በሁለት ድርሰት ያሳየው አንድ ልማድ ነውና። በአውሳ «ቢ» ተሰረዘች፣ በውጫሌ «ይቻላል» ተለወጠ። ምኒልክ ግን ጠባቂ ጦር ስለ ነበራቸው ስሕተቱ በ1888 በዓድዋ ተፈታ፤ ውሉም በ1889 በአዲስ አበባ ተሻረ። አሰብን የሸጡት ወንድማማቾች እንዲህ ያለ ፈቺ አላገኙም። በ1900 በተጻፈው ሌላ ውል ወሰኑ ከባሕሩ ዳር 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ተሰመረ፤ አውሳ ወደዚህ፣ አሰብ ወደዚያ ቀረች፤ አንዱ የአፋር ሕዝብም ለሁለት ተከፈለ። በ1994 የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ፍርዱን ሲሰጥ ይህንኑ ውል መሠረት አድርጓል።

በቅኔ ቤት ኅብር የተከበረ መንገድ ነው። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይዞ ሲመጣ ሰሚው ሁለቱንም በአንድ ልሳን ይሰማል፤ ያልገባው ይጠይቃል፤ መምህሩም ይፈታዋል። የውሉ ኅብር ግን ሰሙን ለአንዱ፣ ወርቁን ለሌላው ከፍሎ ይሰጣል። ሁለቱ ሰሚዎች በአንድ ጉባኤ አልተቀመጡም፤ ፈቺውም ከተዋዋዮቹ አንዱ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ከቅኔ አይቈጠርም፤ ሁለት ሚዛን ይዞ በአንዱ ገዝቶ በሌላው እንደሚሸጥ ነጋዴ ነው።

ይሁን እንጂ ትክክለኛ መመዘኛ በባዕድ ጽሑፍ ላይ ብቻ አይቆምም፤ በቤት ውስጥ በተጻፈውም ላይ ይሠራል። ምኒልክ በሚያዝያ 1883 ለአውሮፓ ነገሥታት የላኩት ደብዳቤ የኢትዮጵያን ወሰን በስም በስሙ ይቈጥራል። በደቡብ በኩል እስከ አርቦሬና እስከ ሳምቡሩ ባሕር ይደርሳል። እንደ ድርሰት ሲታይ ደብዳቤው ጽኑና ግልጽ ነው፤ ኅብር የለበትም፤ የሚፈልገውን በአንድ ፍቺ ይናገራል። ነገር ግን ባለቤቱን ለፈለገ ሰው አንድ ጥያቄ ይቀራል። በዚያ ወሰን ውስጥ ያለው ወላይታ በዚያን ጊዜ በካዎ ጦና ይገዛ ነበር፤ ጦና የተማረከው በ1887 ነው። ወረቀቱ ጦሩን ከሦስት ዓመት በላይ ቀደመው።

ከወላይታ በስተ ደቡብ ያለው የጋሞ ምድርም እንዲሁ ነው። በጋሞ ደጋ ካዎ ለአገሩ መሥዋዕት የሚያቀርብ አባት ነው፤ የአገር ጉዳይና ክርክር ግን በዱቡሻ አደባባይ በሸንጎ ይታያል። አሁን አርባ ምንጭ ባለችበት አጠገብ፣ በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ ያለችውን እንደ ላንቴ ያለች ቆላ በ1883 በደብዳቤው ወሰን ውስጥ ስትገባ ማንም ከዱቡሻ ሰው ጠርቶ አልጠየቀም። በ1888 ደግሞ የኢጣልያው መኮንን ቪቶሪዮ ቦቴጎ ወደ ሐይቁ ደርሶ በንግሥቱ በማርጌሪታ ስም ጠራው፤ ይህም ስም በአውሮፓ ካርታ ላይ ለብዙ ዘመን ቆየ። በዓድዋ ድል የሆነው መንግሥት በዚያው ዓመት በአባያ ስም አወጣ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የደቡቡ ምድር ለጦር ሰውና ለመኳንንት ተመደበ፣ አራሹም ገባር ሆነ፤ የየካቲት 1967 አዋጅ የባላባትን ርስት እስኪሽር ድረስ ነገሩ ብዙ ልቅሶ አስከተለ።

ይህ ሲነገር ደብዳቤው ባይጻፍ ይሻል ነበር ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ ባትጽፍ ኖሮ ሌላው በእርሷ ፈንታ ይጽፍ ነበር፤ የማርጌሪታ ስም ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን ከባዕድ እጅ የዳነ ምድር ሁሉ ለባለቤቱ ተመለሰ ማለት አይደለም። በአሰብ ውል ባለቤቱ በማሰሪያው ቅጽበት ጠፋ፤ በደብዳቤው ደግሞ የደቡቡ ባለቤት ከመጀመሪያውም አልተጠራም። የፊተኛውን በደል የሚያነብ ዓይን ኋለኛውን እንዳላየ ቢያልፍ፣ ያ ንባብ ሳይሆን ወገንተኛነት ነው።

እንግዲህ ለታሪክ መምህራንና ለማተሚያ ቤቶች የሚቀር ሥራ አለ። የውሎቹ ቃል በየልሳኑ ጎን ለጎን ታትሞ ቢወጣ፣ በግርጌውም የአፋር ሽማግሌዎች ለጎሣ ምድር፣ የጋሞ ሽማግሌዎችም ለአገርና ለርስት የሚሰጡት ስም ከነትርጕሙ ቢጻፍ፣ ተማሪው ባለቤቱን ከማሰሪያው ጋራ አገናኝቶ ማንበብ ይችላል። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ቃላቸውም አብሮ ስለሚያልፍ ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።