ጳጉሜን የሌለችበት ስክሪን፦ የመተግበሪያ ገጽታ ሥልጠናችን ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ሲታይ

እስቲ ስልካችሁን አውጡና የልደት ቀን የሚጠይቅ አንድ ፎርም ክፈቱ። «ጳጉሜን 3 ቀን» ብላችሁ ለመሙላት ሞክሩ። አብዛኞቹ ፎርሞች እምቢ ይሏችኋል። የወሮቹ ዝርዝር 12 ላይ ያበቃል፤ ጳጉሜን የለችም። አሁን ደግሞ 3/1/2017 ብላችሁ ጻፉ። መስከረም 3 ማለታችሁ ነው። ፎርሙ ምንም ሳይቃወም ይቀበላችኋል፤ የሚረዳው ግን በፈረንጆቹ 2017 መጀመሪያ ላይ የዋለ ቀን አድርጎ ነው። የመዘገባችሁት ሕፃን በአንድ ጊዜ ከ7 ዓመት በላይ አረጀ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይሄ ትንሽ ብስጭት ነው፤ በልቡ አስልቶ ያልፈዋል። ዳባት ወረዳ ውስጥ ቤት ለቤት ለምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የሕፃናት ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጥ ነው። ቀኑ ከተሳሳተ ቀጠሮውም ይሳሳታል፤ እናትየዋ ያን ሁሉ ዳገት በከንቱ ትወጣለች፣ ወይም ጭራሹን አትጠራም።

ዳባት ለመረጃ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን የሚከታተልበት የጥናት ማዕከል እዚያው አለው። ትንሽ ወደ ሰሜን፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በሆነችው ደባርቅ፣ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አለ። ተጠቃሚዋና የወደፊቱ ሶፍትዌር ሠሪ የአንድ መንገድ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ወጣቶቻችንን የምናሠለጥንበት ኮርስና የምንሰጣቸው መሣሪያ እነዚህን ሁለት ሰዎች ያገናኛል ወይ? የኔ መልስ፦ በግማሽ።

ከሥልጠናው እንጀምር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የ«አምስት ሚሊዮን የኢትዮጵያ ኮደሮች» መርሐ ግብር ይፋ ሆነ። ነፃ ነው፤ በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ከዘርፎቹ አንዱ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ነው። ጥሩ ጅምር መሆኑን አልክድም። ደባርቅ ያለ ልጅ ካሊፎርኒያ ያለው የሚማረውን ያለ ክፍያ ማግኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ ሥልጠና ቅርጽ ለኛ ተብሎ የተቆረጠ ልብስ አይደለም። ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2017 «አንድ ሚሊዮን የዓረብ ኮደሮች» ብላ ጀምራ ነበር፤ ኡዝቤኪስታንም የራሷን አንድ ሚሊዮን ብላለች። ለሁሉም አገር እንዲስማማ የተዘጋጀ ኮርስ ስለ ጳጉሜን የሚያስተምርበት ምክንያት የለውም። ይሄ የኮርሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ የጎደለውን አለመሙላታችን ነው። የሚቆጠረው ስንት ሰው ሰርተፊኬት እንደወሰደ ሲሆን፣ የሠራው ስክሪን ለማን እንደሚያገለግል የሚጠይቅ ይጠፋል።

ሁለተኛው መሣሪያው ነው። የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፤ በኮምፒውተር ላይ ስልክን የሚያስመስለውን ኢሙሌተር ጨምሮ በወጉ እንዲሠራ ደግሞ 16። በዚያ ላይ አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች ከኢንተርኔት ያወርዳል። የገጽታ ንድፍ የሚሠራበት ታዋቂው ፊግማም የሚኖረው ብራውዘር ውስጥ ነው፤ ኢንተርኔት ከሌለ ሥራ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አትርሱ። «ሁልጊዜ ኔትወርክ አለ» ብሎ የሚነሳ ሥልጠና ለዚህ አካባቢ ተማሪ መሰላሉን ከመካከል ጀምሮ እንደ ማቆም ነው።

መፍትሔው ግን ሰማይ የራቀ አይደለም። ላይብረሪዎቹ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል፤ አንድ ላቦራቶሪ የጋራ ቅጂ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ለሁሉም ሊያካፍል ይችላል። በኢሙሌተር ፋንታ አሮጌ ስልክ በገመድ ማገናኘት ራምም ያድናል፣ እውነተኛ ተጠቃሚ የሚይዘውንም መሣሪያ ያሳያል። ለንድፍ ደግሞ በራስ ሰርቨር ላይ መጫን የሚቻለው ፔንፖት አለ፣ ነፃና ክፍት ነው። ይሄንን ነው ሥልጠና ማለት።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ፤ ወደ ቋንቋና ዘመን አቆጣጠር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃቫ 8 አዲስ የቀንና የሰዓት ላይብረሪ ይዞ መጣ። የሂጅራ፣ የጃፓን፣ የታይዋንና የታይላንድ አቆጣጠር አብረው ገቡ፤ የኛ አልገባም። ይሁን እንጂ ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ስሌት ስልኩ ውስጥ ራሱ ተቀምጧል። ጠሪ ብቻ ነው ያጣው። ኦዲኬ የተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ ደግሞ ፎርሙ ላይ «ኢትዮጵያዊ» የሚል አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ሲጨመርለት ጳጉሜንን ያሳያል። ኮምኬርም እንዲሁ፤ የጤና ሚኒስቴር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያዘጋጀው የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት የተመሠረተው በሱ ላይ ነው። ስለዚህ «አይቻልም» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት፤ ያልተማረው ነገር ነው።

ሰዓቱም ያው ነው። «2 ሰዓት ላይ ወለደች» ስትባል የኛ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል። ስልኩ ግን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። ቁጥሩ እንዳለ ከገባ የ6 ሰዓት ስህተት ተፈጠረ ማለት ነው፤ ለአዲስ ለተወለደ ሕፃን ደግሞ 6 ሰዓት ብዙ ነው።

ከዚያ ቁልፎቹን ተመልከቱ። እንግሊዝኛ መረጃ የሚቀመጥበትን ቁልፍ በአንድ ቃል ይጠራዋል፤ ቃሉ ወንድም ሴትም አያውቅም። ተርጓሚው «አስቀምጥ» ብሎ ይጽፈዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ግን ከሞላ ጎደል ሴቶች ናቸው! ቀኑን ሙሉ ስልኩ እንደ ወንድ ሲያዛቸው ይውላል። «አስቀምጪ» ብንለው ወንዱን ይቸግራል፤ «ያስቀምጡ» ያስኬዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን «ይቀመጥ»፣ «ይሰረዝ» ማለት ነው፤ አጭር ነው፣ ጾታ አይለይም፣ ማንንም አያስከፋም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አንድሮይድ 14 መተግበሪያ ለተጠቃሚው ጾታ የሚስማማ ቃል እንዲመርጥ የሚያስችል መንገድ ከፍቷል፤ እሱንም ማስተማር ይቻላል።

ፍለጋውስ? «ፀሐይ» የሚለውን ስም በስንት መንገድ እንጽፋለን? ፀ ወይም ጸ፤ ከዚያ ሐ፣ ሀ ወይም ኀ። እነዚህን ብቻ ብናጣምር 6 አጻጻፍ ይወጣል። የኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ያዘ፤ ትክክልም ነበር። ውጤቱ ግን ለኮምፒውተር 6ቱ ስሞች 6 ሰዎች ናቸው። ሠሪው ከፍለጋ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት ወደ አንድ ካላመጣቸው የወይዘሮ ፀሐይ ካርድ «የለም» ይባላል። አሥር መስመር የማይሞላ ኮድ ነው።

የግራፊክስ ሥራም ከዚህ አያመልጥም። አንድ የደባርቅ ተማሪ ጭላዳና ዋልያ የሚያሳይ የፓርክ መመሪያ በዩኒቲ ልሥራ ቢል፣ የአማርኛ ጽሑፉ መጀመሪያ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊመጣበት ይችላል። የጨዋታ ሞተሮች ሆሄያትን አስቀድመው በአንድ ትልቅ ሥዕል ላይ ይደረድሯቸውና እየቆረጡ ያሳያሉ። በጎንና በቁመት 1024 ነጥብ ያለው ሥዕል፣ ለአንድ ሆሄ 64 በ64 ቢሰጠው፣ 256 ሆሄ ይይዛል። ለእንግሊዝኛ ይተርፋል። በዩኒኮድ ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ክፍል ግን 358 ምልክቶች አሉ። ስለዚህ ሥዕሉን ማሳደግ፣ ወይም የሚያስፈልጉትን ሆሄያት ብቻ መምረጥ ግድ ነው። ይሄንን ስሌት ማንም ካላሳየው ተማሪው «አማርኛ አይሠራም» ብሎ ወደ እንግሊዝኛ ይሸሻል። እንዲህ እንዲህ እያልን ነው ቋንቋችን ከስክሪን የሚወጣው።

«ተማሪዎቻችን የሚፎካከሩት በዓለም ገበያ ነው፤ ለምን በጳጉሜን እናስቸግራቸው?» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ይገባኛል፤ ደመወዝ የሚከፍለው ገበያ ብዙ ጊዜ ውጭ ነው። ግን ተመልከቱ፦ 13ኛ ወር ያለውን፣ ጾታ የሚለየውንና 358 ምልክት ያለውን ስክሪን በትክክል የሠራ ልጅ የዓረብኛውም የታይላንዱም አያቅተውም። የኛ ችግር ጠባብ አይደለም፤ ጥሩ መምህር ነው።

ስለዚህ ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ ወጪ የለውም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ከማለፉ በፊት አምስት ጥያቄ ይጠየቅ። ጳጉሜን ይቀበላል? ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ያሳያል? ፀሐይን በየትኛውም አጻጻፍ ያገኛል? ኢንተርኔት ሲጠፋ የተሞላውን ይዞ ይቆያል? ሠሪዎቹን የማታውቅ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ደጅ ላይ በጠራራ ፀሐይ ቆማ፣ ማንም ሳይረዳት ትሞላዋለች? አምስተኛው ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ከላቦራቶሪ መውጣት ይጠይቃል። ግን ከደባርቅ ዳባት ሩቅ አይደለም፤ በአንድ ጠዋት ተደርሶ ይመለሳል።

ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ጥሩ ነው። ፈተናው ግን ያቺ ሠራተኛ ፎርሙን ሞልታ ስትጨርስ፣ ሕፃኑ በትክክለኛው ቀን መከተቡ ነው።